የእናቴን እሳት አጠብሽው? የድሮ ሸክላ ዕቃን ምንጭና ሥራ ደረጃ በደረጃ ማንበብ

አያቴ ካረፈች በኋላ ከቤቷ አንድ ምንቸት ወደ አዲስ አበባ አመጣሁ። ሥሩ በጥላሸት ጠቁሯል፤ ውስጡ እስከ ወገቡ ድረስ ደረቅ ቡናማ ቅርፊት ይዟል። ሳሎን ላስቀምጠው አስቤ በሽቦና በሳሙና ፈትጌ አጠብኩት። በማግስቱ አክስቴ መጣች። ምንቸቱን አንስታ ገለበጠችው፤ ሥሩን በመዳፏ ዳበሰችና "ምነው ልጄ፣ የእናቴን እሳት አጠብሽው?" አለችኝ።

እኔ ያጠብኩት ቆሻሻ መስሎኝ ነበር። ለካስ ምንቸቱ በምን ዓይነት ምድጃ ላይ እንደተጣደ፣ ምን እንደተበሰለበትና ምን ያህል እንዳገለገለ የሚናገረውን ምስክር ነበር ያጠፋሁት። ከዚያ ቀን ወዲህ በየሙዚየሙ፣ በየገበያውና በየዘመድ ቤቱ ሸክላ ሳይ አጠባበቁንም አነባበቡንም ቀስ በቀስ ተማርኩ። እዚህ የማቀርበው ያንኑ ነው። መንገዱ ለአያትዎ ጀበናም፣ በሙዚየም መስታወት ውስጥ ለሚያዩት የግሪክ ማሰሮም ይሠራል።

ብዙዎቻችን የድሮ ሸክላ ስናገኝ ዓይናችን መጀመሪያ የሚያርፈው ጌጡ ላይ ነው። ጌጥ ግን ይቀዳል፤ ማኅተምም ይመሰላል፤ ቅርጽም ያሳስታል። ለማስመሰል እጅግ የሚያስቸግሩት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ጭቃው፣ የሠሪው እጅና አገልግሎቱ የተወው ዱካ። ስለዚህ ከእነርሱ እንጀምራለን፤ ጌጡ ተራውን ይጠብቅ።

ደግሞም ሸክላ ይሰበራል እንጂ አይጠፋም። እንጨት ይበሰብሳል፤ ብረት ይዝጋል ወይም ቀልጦ ሌላ ዕቃ ይሆናል። አንዴ በእሳት የበሰለ ጭቃ ግን ተመልሶ ጭቃ አይሆንም። በደቡብ ቻይና ዢያንረንዶንግ በሚባል ዋሻ የተገኙ ገሎች 20,000 ዓመት ገደማ ዕድሜ አላቸው። ያኔ ሰው አድኖና ለቅሞ ይኖር ነበር፤ እርሻ ገና አልተጀመረም። ገበሬ ከመሆናችን በፊት ሸክላ ሠሪዎች ነበርን ማለት ነው።

የሚያስፈልግዎ

ወፍራም ፎጣ፣ የእጅ ባትሪ፣ አጉሊ መነጽር፣ የልብስ ሰፊ ሜትር፣ ደብተርና እርሳስ፣ ፎቶ የሚያነሳ ስልክ። ሙዚየም ውስጥ ከሆኑ ዓይንዎና ደብተርዎ ብቻ ይበቃሉ።

ደረጃ 1፦ ከማንሳትዎ በፊት ቦታውን ይመዝግቡ

ዕቃው ያለበት ቦታ ከዕቃው እኩል ይናገራል። ከምድጃ አጠገብ የተገኘ ማሰሮና ከመቃብር የወጣ ማሰሮ አንድ ዓይነት ቢሆኑ እንኳ ታሪካቸው የተለያየ ነው።

ዕቃውን በእርሻ፣ በቤት መሠረት ቁፋሮ ወይም በጎርፍ በታጠበ መሬት ላይ ካገኙት አያውጡት። ባለበት ፎቶ ያንሱት፤ ከጎኑ ለመጠን ማነጻጸሪያ እርሳስ ወይም ሳንቲም ያኑሩ፤ ከዚያ በአቅራቢያዎ ላለው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ያሳውቁ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት በአገራችን ቅርስ ያገኘ ሰው ማሳወቅ ግዴታው ነው። ሕጉ ባይኖርም ምክንያቱ በቂ ነበር፤ ከአፈሩ የተነቀለ ገል አብረውት የነበሩትን አጥንት፣ ከሰልና ሳንቲም ያጣል፤ ዕድሜውን የሚመሰክሩለት ግን እነርሱ ናቸው።

ዕቃው የቤተሰብ ከሆነ የት ይቀመጥ እንደነበር ይጻፉ፦ ጓዳ ነው፣ መደብ ሥር ነው፣ ቆጥ ላይ ነው? ሲያነሱት በጆሮው አይያዙት። ጆሮ ብዙ ጊዜ የሚለቀው ከተለጠፈበት ቦታ ነው። ቀለበትዎን አውልቀው አንድ እጅዎን ከሥሩ፣ ሌላውን ከሆዱ አድርገው ይያዙና ፎጣው ላይ ያኑሩት። ውስጡ የቀረ አፈር ወይም ቅርፊት ቢረግፍ በንጹሕ ወረቀት ጠቅልለው ያስቀምጡት። አያጥቡት።

ደረጃ 2፦ ከሥሩ ይጀምሩ

ዕቃውን በጥንቃቄ አጋድመው ሥሩን ይመልከቱ። ሥር የትና በምን ላይ ይቀመጥ እንደነበር ይነግርዎታል።

ክብ ሥር ለምድጃ የተሠራ ነው። በሦስት ጉልቻ ላይ ይደላደላል፤ እሳቱ ዙሪያውን ይልሰዋል፤ ማዕዘን ስለሌለው ሙቀቱ አንድ ቦታ ተከማችቶ አይሰነጥቀውም። ከእሳት ሲወርድ ግን ብቻውን አይቆምም። ለዚህ ነው ጀበና ማቶት የሚያስፈልገው። "ጋን በጠጠር ይደገፋል" የምንለውም ለምሳሌ ያህል ብቻ አይደለም፤ ተረቱ ከጋን ሥር፣ ከዕለት ተዕለት ሥራ የተወለደ ነው። ያን ሁሉ ጠላ የያዘ ትልቅ ዕቃ እንዳይንከባለል የምታደርገው ሥሩ የገባችው ጠጠር ናት።

ጠፍጣፋ ሥር ወለልን፣ መደርደሪያን ወይም ጠረጴዛን ያመለክታል። ሾጣጣ ሥር ደግሞ ብዙ ሰው ሙዚየም ውስጥ ሲያይ "ይህ እንዴት ይቆማል?" የሚልበት ነው። አምፎራ የሚባሉት ሁለት ጆሮ ያላቸው የግሪክና የሮም ማሰሮዎች ሥራቸው የሾለው ለመርከብ ነው። በመርከቡ ሆድ ውስጥ ተደርድረው የላይኛው ረድፍ ሹል ሥር በታችኞቹ ትከሻ መካከል ይገባል። ወደብ ላይ አሸዋ ውስጥ ይተከላሉ። ሲቀዳ ደግሞ ሹሉ ሦስተኛ ጆሮ ይሆናል፤ አንድ እጅ ላይኛውን ጆሮ፣ ሌላው እጅ ሹሉን ይዞ ያዘነብለዋል።

ደብተርዎ ላይ የሥሩን ቅርጽ ይሳሉ፤ ጥላሸት ካለ እስከየት እንደወጣ በእርሳስ ያጥቁሩት።

ደረጃ 3፦ ጭቃውን ያንብቡ

የተሰበረ ጠርዝ ካለ ዕድለኛ ነዎት። በባትሪና በአጉሊ መነጽር ጠርዙን ይመልከቱና ሦስት ነገር ይጻፉ።

አንደኛ፣ ቀለሙን። እሳቱ አየር እንደ ልቡ ካገኘ በጭቃው ውስጥ ያለው ብረት ይቀላል፤ አየር ታፍኖ ጭሱ ዕቃው ላይ ከቀረ ይጠቁራል። ውጩ ቀይ፣ መሐሉ ጥቁር ከሆነ በጭቃው ውስጥ የነበረው ሥርና ገለባ ተቃጥሎ ሳያልቅ እሳቱ ወርዷል፤ ይህ ብዙ ጊዜ በሜዳ ላይ በኩበትና በእንጨት ለአጭር ጊዜ የተተኮሰ ዕቃ ምልክት ነው። ከ5,000 ዓመት በፊት በላይኛው ግብፅ ናቃዳ አካባቢ የነበሩ ሠሪዎች ሁለቱን ቀለም በአንድ ዕቃ ላይ ሆን ብለው ያወጡ ነበር፤ ሆዱ ቀይ፣ አፉ ጥቁር የሆኑ ማሰሮዎቻቸው ዛሬም ዓይን ይይዛሉ።

ሁለተኛ፣ ከጭቃው ጋር የተቀላቀለውን። ንጹሕ ጭቃ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲተኮስ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ሠሪዎች አሸዋ፣ ጭድ ወይም የተፈጨ የአሮጌ ሸክላ ገል ይጨምሩበታል። በጠርዙ ላይ ማዕዘን ያላቸው ቀያይ ፍንካቾች ካዩ፣ የተሰበረች የአንዲት እናት ማሰሮ በአዲሱ ውስጥ ተፈጭታ ገብታ ይሆናል። ይህ ቅልቅል የአካባቢ መታወቂያ ነው። ተመራማሪዎች ከገሉ 0.03 ሚሊሜትር ብቻ ውፍረት ያላት ቁራጭ አውጥተው በማይክሮስኮፕ ያዩና የድንጋዩን ዓይነት ከየአካባቢው ጂኦሎጂ ጋር ያመሳክራሉ። የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ፍንካች ያለበት ዕቃ የኖራ ድንጋይ አገር ውስጥ ከተገኘ መንገደኛ ነው ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ ብርሃን ያሳልፍ እንደሆነ። ባትሪውን ከውስጥ ያብሩ። የተለመደው ሸክላ ብርሃን አያሳልፍም። ስስ የቻይና ፖርሴሊን ግን በብርሃኑ ይደምቃል፤ ካኦሊን ከሚባል ነጭ ጭቃ ተሠርቶ በ1,300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የተተኮሰ ስለሆነ ግማሽ መስታወት ሆኗል። አውሮፓውያን ይህን ምስጢር ለመፍታት ብዙ ዘመን ፈጅተው በመጨረሻ በጀርመን ማይሰን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1710 ፋብሪካ አቋቋሙ።

ደረጃ 4፦ የሠሪውን እጅ ይፈልጉ

ጣትዎን በዕቃው ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ቀስ አድርገው ያንሸራትቱ፤ ሙዚየም ከሆነ በዓይንዎ ይከተሉ።

እኩል የተራራቁ አግድም መስመሮች ዙሪያውን ከዞሩ በሽክርክሪት፣ ማለትም በሚሽከረከር የሸክላ መሥሪያ ላይ የተሠራ ነው። ግድግዳው እዚህ ወፈር፣ እዚያ ሳሳ ካለ፣ የጣት ጉድጓዶችም ከተሰማዎ በእጅ የታነጸ ነው፤ ጭቃው እንደ ገመድ ተድቦልቡሎ እየተደራረበ ወጥቷል ወይም ከአንድ እብጠት ተስቧል። ከአናት እስከ ሥር የሚወርድ ስፌት መሳይ መስመር ካለ ሁለት ግማሽ በቅርጽ ማውጫ ወጥቶ የተጋጠመ ነው። ከክርስቶስ ልደት በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ ዘመናት በሰሜን ፔሩ የኖሩት ሞቼዎች የሰው ፊት ያላቸውን ዝነኛ ማሰሮዎቻቸውን የሠሩት በዚህ መንገድ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተሳሳተ አመለካከት ላርም። ሽክርክሪት የሌለው ሁሉ "ኋላ ቀር" አይደለም። የአክሱም ሸክላ ሠሪዎች ሐውልት ባቆመ፣ የወርቅ ሳንቲም ባተመና ከሮም ጋር በነገደ መንግሥት ውስጥ ኖረው ሸክላቸውን በእጃቸው ነበር የሚያንጹት። ዛሬም በአገራችን በየገበያው የምናየው ጀበና፣ ምጣድና እንስራ አብዛኛው በሴቶች እጅ ያለ ሽክርክሪት የሚወጣ ነው። ሠሪዋ ዕቃውን ከማሽከርከር ይልቅ ራሷ ትዞረዋለች። የጀበናን አንገት ልክና ቀጥ አድርጎ በእጅ ማውጣት ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ አንድ ከሰዓት በኋላ አዲስ አበባ ውስጥ ወደ ሸክላ ሠሪዎቹ ሰፈር ቀጨኔ ሄዶ ማየት ይበቃል።

እነዚህን እጆች ግን አላከበርናቸውም። ሸክላ ሠሪን "ቡዳ" ብለን ሰድበን፣ ማዕድ ለይተን፣ የሠሩትን ጀበና ግን በእንግዳችን ፊት አቅርበን ቡና ጠጥተናል። በጎንደር አካባቢ ይህን ሙያ ለዘመናት የያዙት የቤተ እስራኤል ሴቶች ነበሩ። ወለቃ በምትባለው መንደር ይሠሯቸው የነበሩትን ትናንሽ የሸክላ ምስሎች መንገደኞች እስከ ዓለም ዳር ወስደዋቸዋል። ማኅበረሰቡ ወደ እስራኤል ሲሄድ እጁም አብሮ ሄደ፤ እዚያም ሙያውን ያልጣሉ እናቶች አሉ። ስለዚህ በዕቃው ውስጥ የጣት አሻራ ሲያገኙ አይለፉት። ስሟን ለመጻፍ ዕድል ያላገኘች ሴት ፊርማ ነው። ፎቶ ያንሱት፤ ስፋቱን ይለኩ።

ደረጃ 5፦ አሁን ጌጡንና ማኅተሙን ይመልከቱ፤ ግን አይመኑት

ጽሑፍ፣ ማኅተም ወይም ሥዕል ካለ እንዳለ ይቅዱት። አንዳንዱ ጽሑፍ እውነተኛ መዝገብ ነው። ሮም ከተማ ውስጥ ሞንቴ ቴስታቾ የሚባል 35 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ኮረብታ አለ፤ ሙሉ በሙሉ የተሠራው ከተሰባበሩ አምፎራዎች ነው። አብዛኞቹ ከደቡብ ስፔን የወይራ ዘይት ያመጡ ነበሩ፤ አንዱ 70 ሊትር ያህል ይይዛል። ዘይት የጠጣ ሸክላ ስለሚሸት ደግሞ አይሞላም፤ ስለዚህ ተሰባብሮ እየተደራረበ ኮረብታ ሆነ። በጆሮዎቹ ላይ የሠሪው ማኅተም፣ በሆዳቸው ላይ ደግሞ ክብደቱ፣ የነጋዴው ስምና ዘመኑ በቀለም ተጽፏል። ጀርመናዊው ሊቅ ሃይንሪኽ ድሬሰል በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ እነዚህን አንብቦ ለአምፎራ ዓይነቶች ቁጥር ሰጠ፤ ዛሬም ባለሙያዎች በእርሱ ቁጥር ይጠሯቸዋል።

አንዳንዱ ጽሑፍ ግን ያሳስታል። በቻይና ካንግሺ በሚባለው ንጉሠ ነገሥት ዘመን፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ1662 እስከ 1722፣ የተሠሩ ብዙ ዕቃዎች ከ200 ዓመት በፊት የነበረውን የቼንግኋ ዘመን ማኅተም ይዘዋል። ሁሉም ለማታለል የተደረገ አይደለም፤ ብዙው ለቀድሞዎቹ ሠሪዎች ክብር ነው። ዛሬ ገዢ ሆነው ማኅተሙን ብቻ ካመኑ ግን ይከስራሉ። ማኅተሙ ከጭቃው፣ ከእጁና ከሥሩ ጋር ይስማማል ወይ ብለው ይጠይቁ። ከተጣሉ ጭቃውን ይመኑ።

ደረጃ 6፦ ምን ይሠራበት ነበር?

ልብ የሚነካው ደረጃ ይህ ነው፤ እኔ በሽቦ የፈተግሁትም ይህንን ነበር።

ጥላሸቱን ይዩ። ሥሩን ብቻ ሳይሆን ጎኖቹንም ካጠቆረው እሳት ውስጥ ተጥዷል። ጥላሸት ከሌለው ማጠራቀሚያ ወይም ማቅረቢያ ሊሆን ይችላል። የውስጡ ቅርፊት ከፍታ ምግቡ እስከየት ይሞላ እንደነበር ያሳያል። በውስጥ ሥሩ ላይ ያሉ ጭረቶች የማማሰያ ዱካ ናቸው። የአፉ ጠርዝ አንድ ቦታ ላይ ከተበላ ክዳን ወይም መቅጃ ሲነካው ኖሯል። ጀበና ከሆነ ጡቱ ውስጥ የቀረ የቡና አተላ ይፈልጉ።

ማሽተትም ማስረጃ ነው። ጠላ ሲጠመቅበት የኖረ ጋን በግራዋ ታጥቦ በወይራ ጭስ ይታጠናል፤ ጭሱ በቀዳዳዎቹ ውስጥ ስለሚገባ ጋኑ ዓመታት ባዶውን ቆይቶም ይሸታል። ለእንጀራ ያገለገለ ምጣድ ደግሞ ፊቱ በማሟሻውና በማሰሻው የጎመን ዘር ዘይት ጠቁሮ ያብረቀርቃል። እንስራ ግን ምንም አይቀባም፤ ውኃው በቀዳዳዎቹ ወደ ውጭ እየወዛ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ስለሚሄድ ውስጡ ይቀዘቅዛል። የስፔን ገበሬ ማሳ ላይ የሚይዘው ቦቲሆ የተባለ ማሰሮም በዚሁ ዘዴ ይሠራል። ሁለት ሕዝቦች ሳይተያዩ ከአንድ ጭቃ አንድ ጥበብ አወጡ።

ቅርጽን ብቻ አይቶ መፍረድ ለምን እንደማይበቃ ሁለት ታሪክ ልንገርዎ።

የመጀመሪያው ከፖላንድ ኩያቪያ አካባቢ ነው። እዚያ 7,000 ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ፣ እንደ ወንፊት የተበሳሱ የሸክላ ስብርባሪዎች ተገኙ። አርኪዮሎጂስቱ ፒተር ቦጉትስኪ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ "አይብ ማጥለያ ናቸው" አለ፤ ማስረጃው ግን ቅርጹ ብቻ ነበር፤ የተበሳ ሸክላ ደግሞ ለብዙ ነገር ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2012 ተመራማሪዎች በገሉ ጭቃ ውስጥ ሰርጎ የቀረውን ስብ አውጥተው መረመሩት፤ የወተት ስብ ሆኖ ተገኘ። ቀዳዳው የጠቆመውን ስቡ አረጋገጠው። በጆርጂያም እንዲሁ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣ ጥናት 8,000 ዓመት ገደማ ባላቸው ማሰሮዎች ውስጥ የወይን ጠጅ አሻራ የሆነው ታርታሪክ አሲድ ተገኝቷል።

ሁለተኛው በቱርክ የባሕር ዳርቻ፣ ኡሉቡሩን ከሚባል ቦታ ነው። አንድ ስፖንጅ ለቃሚ ጠላቂ እ.ኤ.አ. በ1982 ባገኛት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ14ኛው መቶ ዘመን በሰጠመች መርከብ ውስጥ 150 ያህል የከነዓን ማሰሮዎች ነበሩ። ቅርጻቸውን ያየ ሰው "ወይን ጠጅ ወይም ዘይት" ይላል። ሲመረመሩ ብዙዎቹ የያዙት ሙጫ ነበር፤ አንዱ ደግሞ በመስታወት ጨሌ ተሞልቶ ተገኘ። ማሰሮ የተሠራለት ሥራና የዋለበት ሥራ ሁልጊዜ አንድ አይደለም።

የዕቃው ሁለተኛ ሕይወትም መታየት አለበት። አቴናውያን ከከተማ እንዲባረር የሚፈልጉትን ሰው ስም በገል ላይ እየጫሩ ድምፅ ይሰጡ ነበር፤ የተወሰነበት ሰው ለ10 ዓመት ይሰደዳል። በምሥራቅ አፍሪካ ዳርቻ፣ ኬንያ ማምብሩይና ታንዛኒያ ኩንዱቺ፣ ከቻይና የመጡ ሳሕኖች በመቃብር ምሰሶ ላይ እንደ ጌጥ ተለጥፈዋል። የእኛ እናቶች ደግሞ ከጎረቤት እሳት የሚጭሩት በገል ነበር። የገልዎ አንድ ጎን ከተሰበረ በኋላ የተቃጠለ ከሆነ ምናልባት ፍም ተሸክሟል።

ደረጃ 7፦ ምንጩንና ዕድሜውን ያመሳክሩ

እስካሁን የሰበሰቡትን ይዘው ከታወቁ ዕቃዎች ጋር ያነጻጽሩ። አዲስ አበባ ያሉት ብሔራዊ ሙዚየምና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም፣ እንዲሁም አክሱም ያለው ሙዚየም ጥሩ መነሻ ናቸው። ውጭ ያሉ አንባቢዎች በየከተማቸው ያሉ ትልልቅ ሙዚየሞችን መጎብኘት ይችላሉ።

ሲያነጻጽሩ "ይመስላል" አይበቃም። ሥሩ፣ ጭቃው፣ የአሠራሩ ዘዴና የአፉ ጠርዝ አራቱም መግጠም አለባቸው። በተለይ ጠርዙን በጎን ይሳሉት፤ የአፍ ጠርዝ እንደ ሰው አነጋገር ከአገር አገር ይለያያል።

እንዲህ ሲመሳከር ገል የንግድ ካርታ ይሆናል። በአክሱምና በወደቧ በአዱሊስ የተገኙ፣ ጎናቸው የተሸነተረ አምፎራዎች ከየት መጡ ተብሎ ሲፈለግ፣ ጭቃቸውና ቅርጻቸው ወደ ዛሬዋ ዮርዳኖስ አቃባ መራ፤ እዚያ የተተኮሱባቸው ምድጃዎች ተገኙ። በኤርትራ ደሴቶች አጠገብ በሰጠመች ጥንታዊ መርከብ ላይም እነዚሁ ማሰሮዎች አሉ። ማሰሮው የተሠራበት ምድጃ፣ የተጫነበት መርከብና የተራገፈበት ከተማ ሦስቱም ታወቁ። ድሬዳዋ አጠገብ በምትገኘው ሐርላ የተደረገው ቁፋሮም ከየመን፣ ከማልዲቭስና ከቻይና የመጡ ዕቃዎችን አውጥቷል።

ለዕድሜ የመጀመሪያው ብልሃት የሰው ዓይን ነበር። እንግሊዛዊው ፍሊንደርስ ፔትሪ በግብፅ ከመቃብር የወጡ ማሰሮዎችን ሲያይ ሞገድ የሚመስል ጆሮ ያላቸው ዕቃዎች አስተዋለ። በአንዳንዶቹ ላይ ጆሮው የሚያዝ ነው፤ በሌሎቹ አንሷል፤ በመጨረሻዎቹ ላይ የተቀባ መስመር ብቻ ሆኗል። ሥራውን የረሳ ጆሮ ኋለኛ ነው ብሎ ደረደራቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1899 ይህን ዘዴ ይፋ አደረገ፤ አንድም ዓመተ ምሕረት ሳይጻፍ የመቃብሮቹ ቅደም ተከተል ታወቀ። እርስዎም የቤተሰብዎን ጀበናዎች ደርድረው ይሞክሩት።

ዛሬ ቴርሞሉሚነሰንስ የሚባለው ምርመራ ሸክላው ለመጨረሻ ጊዜ ከጋለ ስንት ዘመን እንደሆነው ይለካል። ሬድዮካርቦን ግን ጭቃውን አይለካም፤ የሚለካው ጥላሸቱንና የምግቡን ቅርፊት ነው። አያጥቡት ያልኩበት ሌላው ምክንያት ይኸው ነው።

ደረጃ 8፦ ሰው ይጠይቁ

ለግሪክ አምፎራ የሚጠየቅ ሰው የለም። ለእኛ ዕቃዎች ግን ገና አለ፤ ይህ ዕድል ከእጃችን እየወጣ ነው። ፕላስቲክ ጄሪካን እንስራን፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ የሸክላውን ምጣድ ሲተኩ ስሞቹም አብረው እየሄዱ ነው። "ጋኖች አለቁና ምንቸቶች ጋን ሆኑ" ሲባል ለመሪ የሚነገር ተረት ብቻ የሚመስለው ወጣት ብዙ ነው። ምንቸትን ከጋን በመጠን የሚለይ ሰው ካልቀረ ተረቱም ባዶ ይሆናል።

አረጋዊት እናት ፊት ሲቀመጡ በትሕትና እነዚህን ይጠይቁ፦ እማማ፣ ይህ ዕቃ በእናንተ አገር ስሙ ማን ነው? ማን ሠራው? ከየትኛው ገበያ መጣ? በገንዘብ ነው በእህል የተገዛው? እንዴት ተሟሸ? ምን ይበስልበት ነበር፣ ምን አይበስልበትም? ሲሰበር ምን ይደረግ ነበር? ዕቃውን እጃቸው ላይ ያኑሩላቸው። ቃል ያልመጣላቸው እንኳ እጃቸው አያያዙን ያስታውሳል፤ ያንን አያያዝ ፎቶ ያንሱ።

ደረጃ 9፦ ካርድ ይጻፉለት፤ ከዚያ ይንከባከቡት

ለዕቃው አንድ ካርድ ያዘጋጁ፤ በሦስት ክፍል ይክፈሉት፦ *ያየሁት፣ የሰማሁት፣ የገመትኩት*። ሦስቱን አለማቀላቀል የሥራው ሁሉ ክብር ነው። "ሥሩ ክብ፣ ከፍታው 24 ሴንቲሜትር" ያዩት ነው። "ከሠርግ ስጦታ የመጣ ነው" የሰሙት ነው። "ለወጥ ያገለገለ ይመስለኛል" የገመቱት ነው። ከእርስዎ በኋላ የሚመጣ ሰው ግምትዎን ሊያርም ይችላል፤ ያዩትን ግን ማንም አይጥልም።

ስለ አያያዙ፦ በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ አቧራውን ብቻ ያራግፉ። ዘይትና ቫርኒሽ አይቀቡ። የተሰበረውን በፈጣን ማጣበቂያ አይለጥፉ፤ ስብርባሪውን አንድ ላይ ጠቅልለው ለባለሙያ ያቆዩት። የሚያብረቀርቅ ቅብ ባላቸው የድሮ ዕቃዎች ምግብና መጠጥ አያቅርቡ፤ ብዙው ቅብ እርሳስ የሚባለው መርዛም ብረት አለበት፤ በተለይ ሎሚና ኮምጣጤ ያወጡታል።

የአያቴ ምንቸት አሁንም ሳሎኔ ውስጥ አለ። አክስቴን አጠገቡ አስቀምጬ ጠየቅኋት። ከቅዳሜ ገበያ እንደመጣ፣ ሠሪዋ ሦስት ሴት ልጆቿን ሙያውን ያስተማረች ጎረቤታቸው እንደነበረች፣ በፋሲካ ብቻ ምንቸት አብሽ ይሠራበት እንደነበር ነገረችኝ። የሠሪዋን ስም "የሰማሁት" በሚለው ሥር ጻፍኩት። በውስጥ ግድግዳው፣ ከአንገቱ ዝቅ ብሎ፣ ሽቦው ያልደረሰበት አንድ የአውራ ጣት ጉድጓድ አገኘሁ። "ያየሁት" በሚለው ሥር አሰፈርኩት። ከዚያ በታች አንድ መስመር ጨመርኩ፦ "ሥሩ ጥላሸት ነበረው፤ እኔ አጥቤዋለሁ።" አክስቴ አነበበችው፤ ምንቸቱን ተቀብላ አውራ ጣቷን በጉድጓዱ ውስጥ አኖረች። ልክ ገባ።